የቡና ሥር ዘረመል ጅማ ላይ ይነካ ወይስ አይነካ?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ ወገኖች፣ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ከቡና ሥር ጋር ተጋግዞ የሚኖረውን ፈንገስ ለማጥናት የሥሩን ዘረመል መለወጥ ከተማችን ውስጥ ይፈቀድ? በምክንያት ተከራከሩ።

ሄርማታ፦ በፍጹም አይፈቀድ! አረቢካ የሚባለው የቡና ዝርያ መነሻው የኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። የዱር ቡናው ዛሬም እዚያው አለ። አረቢካ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ያፈራል ትሉኝ ይሆናል። ንብ ግን አበባ ለአበባ ትዞራለች። የተለወጠው ዘረመል አንዴ ካመለጠ ማን ይሰበስበዋል?

ጅሬን፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን እዚህ ጥናት ላይ የሚለወጠው ሥሩ ብቻ ነው። አግሮባክቴሪየም ራይዞጄነስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ አለ። የተቆረጠ ችግኝ ላይ ሲያርፍ ከራሱ ዘረመል ከፊሉን ወደ ተክሉ ሕዋስ ያስገባል። ከቁስሉ ፀጉር የመሰለ ሥር ይበቅላል። ተመራማሪው የሚፈልገውን ዘረመል አብሮ ይልካል። ግንዱ፣ ቅጠሉና አበባው እንደነበሩ ናቸው። ስለዚህ ለውጡ በዘር አይተላለፍም።

አጂፕ፦ ለገበሬው ምን ይፈይዳል?

ጅሬን፦ ቀዩ አፈራችን አሲዳማ ነው። ብረቱና አሉሚኒየሙ ፎስፈረሱን ይዘው አይለቁም። ፈንገሱ ክሩን ሥሩ ከማይደርስበት ድረስ ዘርግቶ ፎስፈረስ ያመጣል። ቡናው በምላሹ ስኳርና ስብ ይሰጠዋል። የትኛው ዘረመል ፈንገሱን እንደሚያስገባው ለማወቅ አንዱን እንዳይሠራ አድርጎ ማየት ነው። ፈንገሱ መግባት ካቃተው መልሱ ተገኘ። ፈንገሱን በእንዲህ ዓይነት የካሮት ሥር ላይ ማሳደግ እንኳ በፈረንጆቹ በ1988 ተሠርቷል።

አጋሮ፦ እኔ የዕፅዋት ሳይንስ ነው የተማርኩት። አንድ ነገር ዘለልክ ወንድሜ። ባክቴሪያው የራሱንም ዘረመል ይዞ ይገባል። ሥሩ ለሆርሞን የሚሰጠው ምላሽ ይቀየራል። ያየኸው ውጤት የቡናው ይሁን የባክቴሪያው በምን ትለያለህ?

ጅሬን፦ ልክ ነሽ። ለዚህ ነው ተመራማሪው የሚፈልገውን ዘረመል ካልያዘ ባክቴሪያ የበቀለ ሥር ለማነጻጸሪያ የሚያዘው። እሱም ሁሉን አይፈታም። ውጤቱ በሌላ ዘዴ መረጋገጥ አለበት።

ሄርማታ፦ እኔም ልጠይቅ። ከእንዲህ ያለ ሥር ሙሉ ተክል ማብቀል ይቻላል አይደል?

ጅሬን፦ በአንዳንድ ተክሎች፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ አዎ ይቻላል። ያ ተክል ደግሞ ያብባል። ስለዚህ ሙከራው ሲያበቃ ሥሩም ችግኙም አፈሩም በእንፋሎት ይቀቀል። ፈቃዱም ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋንን በሚመለከተው በደህንነተ ሕይወት አዋጅ 655/2001 እና በ2007ቱ ማሻሻያ መሠረት ይጠየቅ። ያለዚያ እኔም አልደግፍም።

ሄርማታ፦ እንግዲያው ማን እንደሚቀቅለው፣ ማን እንደሚቆጣጠረው በጽሑፍ ይውጣ። ለቡና አምራቹም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይነበብለት። እስከዚያ ተቃውሞዬ እንዳለ ነው።