የሜኒስከስ መቀደድ በእጅ ምርመራ ብቻ ይታወቃል?

ጥያቄ፦ አማካዩ
ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ኳስ ስጫወት እግሬ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቴ በመዞሩ የቀኝ ጉልበቴ በውስጥ በኩል ተጎዳ፤ በማግስቱም አበጠ። አሁን ደረጃ ስወርድና ቁጢጥ ስል ያመኛል። የመረመሩኝ ሐኪም ጉልበቴን አጥፈው እግሬን እያዞሩ ከዘረጉት በኋላ፣ ሜኒስከስ የተባለው የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ሳይቀደድ እንዳልቀረ፣ ኤምአርአይ ግን ለጊዜው እንደማያስፈልግ ነገሩኝ። እንዲህ ያለው ምርመራ ምን ያህል ያስተማምናል? ወጪው ቢከብደኝም ኤምአርአይ ብነሳ ይሻላል?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
እግዚአብሔር ይማርዎ። የገለጹት በሊቨርፑል ይሠሩ በነበሩት የአጥንት ሐኪም በቶማስ ፖርተር ማክመሪ ስም የሚጠራውን ምርመራ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመና የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያሰላ ትንታኔ እንደሚለው፣ ምርመራው ሜኒስከሳቸው ከተቀደደ 100 ሰዎች 61 ያህሉን ሲያገኝ የቀሩት ያመልጡታል፤ ካልተቀደደባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 84 ያህሉን በትክክል ነፃ ይላል። ስለዚህ ሕመም ሲቀሰቅስ ጥርጣሬውን ያጠነክራል እንጂ፣ ምንም አለማሳየቱ ጉልበቱ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበትን መስመር በጣት ተጭኖ ሕመሙን መፈለግ በዚያው ትንታኔ የተቀደደውን በማግኘትም ሆነ ያልተቀደደውን ነፃ በማለት 83 በመቶ ያህል ደርሷል።

እነዚህን አኃዞች ግን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በ2005 እ.ኤ.አ. ግሪካውያን ሐኪሞች ያስተዋወቁት የቴሳሊ ምርመራ፣ ማለትም በአንድ እግር ቆሞ ጉልበትን 20 ዲግሪ አጥፎ ሰውነትን ማዞር፣ መጀመሪያ ከ90 በመቶ በላይ ትክክለኛ ነው ተብሎ ነበር። በዚያ ጥናት ታማሚዎቹ የተነጻጸሩት ጉልበታቸውን ከማያማቸው ጤነኞች ጋር ጭምር ነው፤ ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ግን ሁሉም ጉልበቱን ያመዋል። ኋላ በብሪታንያ ጉልበታቸውን በሚያማቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ውጤቱ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

መልስ፦ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም
ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ የምጨምረው፣ ልምድ ያለው ሐኪም በአንድ ምርመራ ብቻ እንደማይፈርድ ነው። እግር ተተክሎ ሰውነት መዞሩ፣ እብጠቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሳይሆን በማግስቱ መምጣቱ፣ ቁጢጥ ሲሉ ማመሙ፣ ሁሉም ወደ ሜኒስከስ ያመለክታሉ። ጉልበቱ ወዲያው አብጦ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፊተኛውን የመስቀል ጅማት ነበር፤ ጅማቱ አብሮ ሲበጠስ ደግሞ የሜኒስከሱ የእጅ ምርመራ ይበልጥ አስቸጋሪ ይሆናል።

ኤምአርአይ ከእጅ የተሻለ ቢያይም የሚያየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ከ50 እስከ 90 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ኤምአርአይ ተነሥተው፣ ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኘው መካከል 61 በመቶው ባለፈው ወር ምንም የጉልበት ሕመም እንዳልነበራቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እርስዎ ወጣት ስለሆኑ ይህ ያን ያህል አያሰጋዎትም። ቢሆንም ውጤቱ ሕክምናውን የማይቀይረው ከሆነ፣ ጥቂት ሳምንታት የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ እየሠሩ መከታተል ተገቢ ነው፤ ሐኪምዎም ይህንኑ ያሰቡ ይመስለኛል።

አማካዩ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሐኪሙ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ጉልበቴ ታጥፎ ይቀርና ቀጥ አልል ይለኛል፣ ትንሽ ሳነቃንቀው ይለቃል።

መልስ፦ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም
ይህ ነገሩን ይለውጠዋል። ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የጉልበት ተቆልፎ መቅረት ግን የተቀደደው ቁራጭ በአጥንቶቹ መካከል እየገባ ሊሆን ይችላል፤ በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለው ቁራጭ በጊዜ ከተደረሰበት በብዛት ተሰፍቶ ሊተርፍ ይችላል። ወደ ሐኪምዎ ተመልሰው ይህንኑ ይንገሯቸው፤ አሁን ኤምአርአይው ወጪው የሚገባው ነው። ተቆልፎ አልለቅ ካለዎት ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ በኃይል ለመዘርጋትም አይሞክሩ።