ማውሴ 26,000 ዲፒአይ ነው፣ ታዲያ ማነጣጠር ለምን አቃተኝ?

አዲስ_ተኳሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ የጌም ማውስ ገዛሁ፣ ካርቶኑ ላይ 26,000 ዲፒአይ፣ 650 አይፒኤስ፣ 50 ጂ፣ 8,000 ኸርዝ ፖሊንግ ሬት ይላል። ዲፒአዩን ጫፍ ላይ ሳደርሰው ማውሱ አልያዝ ይለኛል፣ ገና ነካ ሳደርገው ጠቋሚው ከስክሪኑ ጥግ ላይ ይገኛል። አሁን 1,600 ላይ ነኝ፣ የጌሙ ሴንሲቲቪቲ (ጌሙ ውስጥ ያለው የመዞሪያ ፍጥነት ቁጥር) ደግሞ 2 ነው። የምጫወተው ካውንተር ስትራይክ 2 የሚባለውን የተኩስ ጌም ነው። ጠላት ላይ ልደርስ ስል ሁሌ አልፌው እሄዳለሁ። ከነዚህ ቁጥሮች የትኛው ነው በእውነት የሚጠቅመኝ? ምን ላይ ላድርገው?

ቀስ_በል፦

ካርቶኑን እርሳው። ዲፒአይ ማለት ማውሱን አንድ ኢንች ስትገፋው ለኮምፒውተሩ ስንት የእንቅስቃሴ ምልክት ይልካል ማለት ነው፣ የጥራት መለኪያ አይደለም። 26,000 ላይ ስክሪንህ 1,920 ፒክስል ስፋት ካለው፣ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ሆኖ የሚያነጣጥር ሰው የለም።

ለጌም ዋናው ነገር ዲፒአይ በሴንሲቲቪቲ ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር ነው። 400 በ2፣ 800 በ1፣ 1,600 በ0.5፣ ሦስቱም 800 ናቸው፣ እጅህም ላይ አንድ ዓይነት ፍጥነት ነው የሚሰጡህ። የአንተ 3,200 ነው። ለዚህ ጌም በጣም ብዙ ነው። ብዙ ፕሮዎች (በሙያ የሚጫወቱት) 400 ወይም 800 ዲፒአይ ነው የሚጠቀሙት፣ ሴንሳቸውም (ሴንሲቲቪቲያቸውም) ዝቅ ያለ ነው።

አንድ ነገር ሞክር። ማስመሪያ የማውስ ፓዱ ላይ አስቀምጥ፣ ጌሙ ውስጥ ግድግዳ ላይ አንዲት ነጥብ ምረጥና ክሮስሄሩን (ማነጣጠሪያ ምልክቱን) እሷ ላይ አድርግ። ከዚያ ማውሱን በማስመሪያው ጠርዝ ቀስ ብለህ ግፋ፣ ሙሉ ዙር ዞረህ እዚያችው ነጥብ ላይ እስክትመለስ። ስንት ሴንቲ ሜትር ሆነ? ያንን ንገረን። 800 ዲፒአይ ላይ ሴንስ 1 ቢሆን 52 ገደማ ይመጣል።

ነጭ_ፓድ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ከመለካትህ በፊት የዊንዶውስን ነገር አስተካክል። በማውስ ሴቲንግ ውስጥ ኤንሃንስ ፖይንተር ፕረሲዥን የምትል ምልክት አለች፣ አጥፋት። እሷ በርታ ከሆነ ማውሱን 10 ሴንቲ ሜትር በቀስታ ስትገፋውና 10 ሴንቲ ሜትር በፍጥነት ስትገፋው ጠቋሚው የሚደርስበት ቦታ ይለያያል። እጅ ደግሞ የሚለምደው ርቀትን ነው፣ ርቀቱ እንደ ፍጥነቱ ከተቀያየረበት ምኑን ይለምዳል? ካውንተር ስትራይክ 2 የማውሱን ምልክት በቀጥታ ስለሚያነብ እዚያ አይረብሽህም፣ ሌሎች በተለይ የቆዩ ጌሞች ላይ ግን ጉድ ይሠራሃል። በድሮው ኮንትሮል ፓናል ውስጥ የፍጥነት መስመሯንም መሃል ላይ፣ ማለትም ከግራ 6ኛው ላይ ተዋት።

የማውሱ ሶፍትዌር ውስጥ አንግል ስናፒንግ የሚል ካለም ይጥፋ። መስመርህን ቀጥ ለማድረግ ሲል የአንተን እንቅስቃሴ ያርመዋል፣ ማነጣጠር ላይ ማንም እንዲያርምህ አትፈልግም።

ሳምሪ_ጌመር፦

ስለ ፖሊንግ ሬት ማንም ስላላነሳ እኔ ልበል። ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሪፖርት ያደርጋል ማለት ነው። 125 ኸርዝ በየ8 ሚሊ ሰከንዱ፣ 1,000 ኸርዝ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ። ከ125 ወደ 1,000 ስትወጣ ልዩነቱ ይታያል። ከ1,000 ወደ 8,000 ግን የምታተርፈው ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፣ በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩን ያስጨንቀዋል፣ ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪውን ይበላዋል። ኮምፒውተርህ በጣም ጠንካራ ካልሆነ ፍሬም ሊጥልብህም (ምስሉ ሊቆራረጥብህም) ይችላል። 1,000 ላይ አድርገህ ተገላገል።

650 አይፒኤስ ማለት ሴንሰሩ (ከማውሱ ሥር ያለው እንቅስቃሴ አንባቢ) በሰከንድ እስከ 650 ኢንች ድረስ ሳይስት ይከተላል ማለት ነው፣ ይሄ በሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ነው። እጅህ እዚያ አይደርስም። 50 ጂውንም፣ ማለትም ሴንሰሩ የሚችለውን የፍጥነት ጭማሪ፣ እንዲሁ እርሳው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የማይጻፈው ግን ማውሱን ስታነሳ ሴንሰሩ ከምን ያህል ከፍታ በኋላ ማንበብ ያቆማል የሚለው ነው። ሴንስህን ስትቀንስ ማውሱን ደጋግመህ እያነሳህ መመለስ ይመጣል፣ ሴንሰሩ አየር ላይም እያነበበ ከሆነ በመለስክ ቁጥር ክሮስሄሩ ትንሽ ይሸሻል። ለመፈተሽ ሁለት የማያስፈልጉህ ሲዲዎች ጎን ለጎን አድርግና ማውሱን በላያቸው አስቀምጥ፣ ሴንሰሩ በመሃላቸው ባለው ክፍተት ፓዱን ይይ። የአንድ ሲዲ ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ጠቋሚው ዝም ካለ ጥሩ ነው። ከተንቀሳቀሰ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሊፍት ኦፍ ዲስታንስን (ይሄንኑ ከፍታ) ዝቅተኛው ላይ አድርገው።

አዲስ_ተኳሽ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ። ለካሁት፣ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የመጣው። የዊንዶውሷ ምልክትም በርታ ነበር፣ አጠፋኋት። ሲዲው ላይ ጠቋሚው አልተንቀሳቀሰም። አሁን ሴንሱን በአንዴ ልጣለው ወይስ ቀስ በቀስ?

ቀስ_በል፦

13 በጣም ፈጣን ነው፣ ጠላትን አልፈህ የምትሄደውም ለዚህ ነው። ቀስ በቀስ ውረድ። ዲፒአዩን 1,600 ላይ ተወው፣ ምንም ችግር የለበትም። ሴንሱን መጀመሪያ 1.2 አድርገው፣ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሲለምድልህ ወደ 0.8 ውረድ፣ ያ ደግሞ 32 ገደማ ነው። እዚያ አካባቢ ከተመቸህ ቁም፣ የግድ 52 መድረስ የለብህም። የሰው እጅና የፓድ ስፋት ይለያያል። ስትወርድ ግን የእጅ አንጓህ ብቻ አይበቃህም፣ ትልልቁን መዞር በክንድህ ነው የምትሠራው፣ ስለዚህ ኪቦርዱን ገፋ አድርገህ ለማውሱ ቦታ ስጠው።

አንድ ነገር አደራ፣ በተሸነፍክ ቁጥር ሴንስ አትቀያይር።

ነጭ_ፓድ፦

ቫሎራንት የሚባለውንም የተኩስ ጌም የምትጫወት ከሆነ ያንኑ ቁጥር እንዳታስገባ፣ ጌሞቹ ሴንስን የሚቆጥሩበት መንገድ ይለያያል። የካውንተር ስትራይኩን ለ3.18 አካፍለው። 0.8 ከሆነ 0.25 ገደማ ይመጣል፣ ከዚያ ማስመሪያውን አምጥተህ እዚያም ለካ።