በምርኮ ላይ የተሠራን ዕቃ በምን መለየት ይቻላል?

ጠያቂ፣ ከአዳማ፦
አያቴ ትተውልን ያለፉት ከአሉሚኒየም የተሠራ የሲጋራ መያዣ አለን፤ ክዳኑ ላይ የአበባ ሐረግ ተቀርጿል። በ1933 ዓ.ም. ከአንድ የተማረከ ጣሊያናዊ ወታደር በዳቦ እንደለወጡት ይነግሩን ነበር። ምርኮኞች በእርግጥ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠሩ ነበር?

መምህር፣ ከሐዋሳ፦
አዎን፣ ይሠሩ ነበር። በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን በእንግሊዝ አገር ኖርማን ክሮስ በተባለው ካምፕ የታሰሩ ፈረንሳውያን ከሚሰጣቸው ሥጋ የተረፈውን አጥንት አጽድተውና ጠርበው የመርከብ ሞዴሎችን እየሠሩ ለአካባቢው ሰው ይሸጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ዛሬ በፒተርቦሮ ሙዚየም ይገኛሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ የተማረኩ ጣሊያናውያን፣ በዶሜኒኮ ኪዮኬቲ ሠዓሊነት፣ በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ሁለት የቆርቆሮ ቤቶችን አጋጥመው የሠሩት ቤተ ጸሎት ነው፤ ፋኖሶቹን ያበጁት ከሥጋ ጣሳ ነበር። በኬንያ ማይ ማሂዩም ሌሎች ጣሊያናውያን ምርኮኞች በ1942 እ.ኤ.አ. የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆማለች።

የብረታ ብረት ባለሙያ፣ ከአዳማ፦
ውስጡን በደንብ ይመልከቱት። ከወታደር የምግብ ሳህን ተቆርጦ የተሠራ ከሆነ የቀድሞው እጥፋት ወይም የፋብሪካ ማኅተም ቅሪት ሊታይ ይችላል፤ መስመሮቹም በምስማር የተቀረጹ ከሆነ ጥልቀታቸው እኩል አይሆንም። እባክዎን በአሸዋ ወረቀት አይወልውሉት፣ ምልክቱ ይጠፋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ከፍቼ ሳየው ማጠፊያው ተራ ሽቦ ነው፤ በክዳኑ ውስጥም ግማሽ ቁጥር ይነበባል።