ከሳተላይት ምስል ላይ ሣሩን ከዛፉ እንዴት ልለይ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ በመተማና በቋራ ቆላ ላይ ነው። ሣርና ዛፍ ተቀላቅሎ የሚበቅልበት አገር ነው። እዚህ ባሕር ዳር ሆኜ ሴንቲኔል 2 ከተባለው ሳተላይት ምስል ኤንዲቪአይ (የልምላሜ መለኪያ ቁጥር) አወጣሁ። የመስከረሙ ምስል ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስላል። የየካቲቱ ደግሞ ባዶ ነው። አማካሪዬ «የቱ ነው እውነቱ?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አጣሁ። እኔ የምፈልገው ዛፉ መመናመን አለመመናመኑን ማወቅ ነው። የምታውቁ ተባበሩኝ።

ባለ ሲባጎው፦
እህቴ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ ይመልሳል። ኤንዲቪአይ የሚለካው ይህንን ልዩነት ነው። ቅጠሉ የሣር ይሁን የዛፍ አይጠይቅም።

እኔንም ብዙ አስቸግሮኛል። የገባኝ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በዛዊት ተራራ ላይ ነው። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሲባጎ ይዘን ወጣን። የሴንቲኔል 2 አንድ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። አራት ችካል ተክለን ሲባጎውን በዚያው ልክ ወጠርነው። መሐሉ ገብቼ ቆምኩ። አንድ ግራር፣ ሁለት የአጋም ቁጥቋጦ፣ ጉልበት የሚደርስ ሣር፣ የከብት መሄጃ፣ ድንጋይ። ይህ ሁሉ ለሳተላይቱ አንድ ቁጥር ነው! ሣሩን ነጭቼ አየሁት። ጫፉ ደርቋል፣ ሥሩ አካባቢ ግን ገና እርጥብ ነው። በጥር ስመለስ ሣሩ ገለባ ሆኗል፤ አጋሙ እንዳለ አረንጓዴ ነው።

ስለዚህ በአንድ ቀን ምስል አትፍረጂ። የዓመቱን ምስሎች በተርታ ደርድሪ፤ በየ5 ቀኑ አንድ ታገኛለሽ። የሣር ሥር ብዙ አይጠልቅም፣ ዝናቡ ሲያቆም ኤንዲቪአዩ ቶሎ ይወርዳል። ዛፉ ይቆያል። ሣሩ ደርቆ ዛፉ ገና ያላራገፈባት ጊዜ አለች። ጠባብ ናት፣ ግን ሥራሽ እሷ ላይ ነው። በየዓመቱ ያችኑ ወቅት አወዳድሪ።

ጣና ዳርም ያው ነው። ደንገሉም እምቦጩም አረንጓዴ ናቸው። ግን እምቦጭን ነፋስ ይነዳዋል፣ ደንገል ሥሩ ጭቃ ውስጥ ነው። በሳምንት ልዩነት ሁለት ምስል ብታስተያዪ የተንቀሳቀሰው ይታይሻል።

የቆላው ሰው፦
ወንድሜ ያለው ልክ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የእጣን ዛፍ ያለበትን ቦታ ለይተሽ ያዢ። ክረምቱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉን ያራግፋል። ዛፉ ቆሞ እያለ «ጠፋ» ብለሽ እንዳትጽፊ! ሁለተኛ፣ እሳት። በበጋ ሣሩ ይቃጠላል፣ ኤንዲቪአይም ቁልቁል ይወርዳል። ሞዲስ ከተባለው የሳተላይት መሣሪያ የሚወጣውን የቃጠሎ ካርታ ደርቢበትና የተቃጠለውን ለብቻው አውጪው። ዋልካ መሬት ላይም ተጠንቀቂ፤ አፈሩ ጥቁር ሲሆን ለዚያው ሣር ኤንዲቪአይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሳቪ የሚባለው ቀመር የተሠራው ለዚህ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የየካቲቱ ነገር አሁን ገባኝ፤ ግማሹ እጣን ዛፍ ያለበት ነው። የክረምቱ ደመና ግን እንዴት ይሁን? ሴንቲኔል 2 ከመምጠቁ ከ2015 በፊት ያለውንስ በምን ልየው?

ባለ ሲባጎው፦
ለደመናው ሴንቲኔል 1 አለልሽ። ራዳር ስለሆነ ደመና አያግደውም፤ ግን ቀለም ሳይሆን የእጽዋቱን ቅርጽና እርጥበት ነው የሚነግርሽ። ለድሮው ላንድሳት የተባሉትን ሳተላይቶች ምስል ተጠቀሚ፤ ባለ 30 ሜትሩ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳያምታታሽ።

ጠያቂዋ፦
ሲባጎ ገዝቻለሁ። በጥቅምት መጨረሻ መተማ እወርዳለሁ።

ባለ ሲባጎው፦
ጎሽ! ግን የስልክሽ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ይስታል። 10 በ10 ብቻ ከወጠርሽ የጎረቤት ፒክስል ውስጥ ልትገቢ ትችያለሽ። አንድ ዓይነት የሆነ ሰፊ ቦታ ምረጪና 30 በ30 አድርጊው፤ ለላንድሳቱም ይሆንሻል። ሲባጎው 120 ሜትር ይበቃል።