አባቴን ኒው ዮርክ የሶንድሃይም ዘፈኖች ኮንሰርት ልወስዳቸው ነው፤ ምን ልዘጋጅ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ኒው ዮርክ ያላችሁ ወይም ቲያትር የምታዘወትሩ እባካችሁ እርዱኝ። ኅዳር 7 ቅዳሜ (በፈረንጅ ኖቬምበር 16፣ 2013) ሲቲ ሴንተር ቲያትር ቤት ለሚቀርበው «አ ቤድ ኤንድ አ ቼር» ሁለት ትኬት ገዝቻለሁ። የአሜሪካዊውን የዘፈን ደራሲ የስቲቨን ሶንድሃይምን የቲያትር ዘፈኖች የጃዝ ትራምፔት ነፊው ዊንተን ማርሳሊስ በጃዝ እንዲቀናበሩ አድርጎ፣ የጃዝ አት ሊንከን ሴንተር ኦርኬስትራና ተዋንያን አብረው የሚጫወቱት ነው። ከኅዳር 4 እስከ 8 ብቻ ስለሆነ ሌላ ቀን ይሁን ማለት አይቻልም።

እኔ ሶንድሃይም ሲባል ነፍሴን አላውቅም። ሁለተኛው ትኬት ግን የአባቴ ነው። 74 ዓመታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ባንድ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጡ አራት ወር ሆናቸው፣ እንግሊዝኛቸው ለሰላምታ ያህል ነው። ማርሳሊስ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ «ዘፈን ያለበት ቲያትር ነው» ስላቸው ደግሞ «ታሪኩ ካልገባኝ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል» አሉ።

ታሪክ አለው ወይስ ዝም ብሎ ኮንሰርት ነው? አስቀድሜ ምን ላሰማቸው? ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ትኬቴ ደግሞ የላይኛው ሰገነት ነው። በዚያው ሌሊት ወደ ዲሲ መመለስስ ይቻላል?

የቲያትር ሱሰኛ፦
ቀናሁብሽ! ታሪክ አለው፤ ግን በንግግር የሚሄድ ተውኔት እንዳይመስልሽ። ኒው ዮርክ ውስጥ የሚዋደዱና የሚኮራረፉ ሰዎች ናቸው፤ ነገሩን የሚገፋው ከሶንድሃይም የተለያዩ ሥራዎች የተለቀመው ከሃያ በላይ ዘፈን ነው። ስሙ ራሱ «ብሮድዌይ ቤቢ» ከሚለው፣ «ፎሊስ» ከተባለው የ1971 የሶንድሃይም ቲያትር ዘፈን የተወሰደ ነው። ልጅቷ ስለ ጠባብ ክፍሏ ስትናገር ድመቷ፣ አልጋና ወንበር ብቻ እንዳሏት የምትዘፍንበት ቦታ አለ።

የሚያቀርበው «ኢንኮርስ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ከ1994 ጀምሮ ሲቲ ሴንተር ውስጥ የተረሱ የብሮድዌይ ሥራዎችን በየዓመቱ ለጥቂት ቀን ያነሣል። ልምምዱ አጭር ስለሆነ ተዋንያኑ ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው የሚጫወቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ለአባባ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፦ ኦርኬስትራው ከመድረኩ ሥር አይደበቅም፣ እዚያው መድረኩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ታሪኩ ባይገባቸው ነፊዎቹን ሲያዩ ያመሻሉ።

እነዚሁ ሁለት ቤቶች (ሲቲ ሴንተርና ጃዝ አት ሊንከን ሴንተር) በ2011 «ኮተን ክለብ ፓሬድ»ን በጃዝ አቀናባሪው በዱክ ኤሊንግተን ሙዚቃ ሠርተው፣ በ2012 ደግመውት፣ አሁን «አፍተር ሚድናይት» ተብሎ ብሮድዌይ ሊገባ ነው፤ ኖቬምበር 3 ይከፈታል። ስለዚህ ሙከራ ነው ብለሽ አትስጊ።

ዘፋኞቹ አራት ናቸው። በርናዴት ፒተርስን እኔ ላንቺ አልነግርሽም። ኖርም ሉዊስን ባለፈው ዓመት በ«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ፖርጊን ሲጫወት አይቼዋለሁ፣ ድምፁ ወለሉን ያነቃንቃል። ጄረሚ ጆርዳን ወጣቱ ነው። አራተኛዋ ሲሪል ኤሜ ፈረንሳይ የተወለደች የጃዝ ዘፋኝ ነች፤ እኔ የጓጓሁት ለእሷ ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ዶይል በ2005 የሶንድሃይምን «ስዊኒ ቶድ» ሲያዘጋጅ ተዋንያኑን ራሳቸውን የሙዚቃ መሣሪያ ያስያዘ ሰው ነው፤ ተዋናይዋ ፓቲ ሉፖን ቱባ ትነፋ ነበር። ይኼን ለአባባ ንገሪያቸው።

ባለ ሳክስ፦
አባባን ታሪኩ አያሳስባቸው። ጃዝና የብሮድዌይ ዘፈን የተጋቡት ዛሬ አይደለም። ገርሽዊን «አይ ጋት ሪትም»ን በ1930 ለመድረክ ጻፈው፤ ጃዞች የኮርዱን (የአጃቢ ድምፆቹን) አካሄድ ወስደው ስንት አዲስ ዜማ ወለዱበት። ሳክስ ነፊው ኮልትሬን በ1960 የቀረጸው «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» ከተባለው የብሮድዌይ ቲያትር የመጣ ነው። እኛ ትዝታን እንደምናደርገው ማለት ነው፤ አካሄዱ ያው ነው፣ ሁሉም የራሱን ሆድ ይዞ ይገባበታል። ይኼን አባትሽ ካንቺም ከእኔም በላይ ያውቁታል።

ሶንድሃይም ግን ለጃዞች እንደነ ገርሽዊን አልተመቸም። ዜማው ከገጸ ባሕሪው አፍ ጋር የተሰፋ ነው። የሱን «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ» ውሰጂ። ሐረጎቹ ቁርጥ ቁርጥ ያሉት በ1973 መጀመሪያ የዘፈነችው ግሊኒስ ጆንስ ድምፅ ይዛ መቆየት ስለማትችል፣ ለእሷ ትንፋሽ ተለክተው ስለተጻፉ ነው። የጃዝ ዘፋኟ ሳራ ቮን ያንኑ ዘፈን ወስዳ እንዴት አድርጋ እንደምትስበው ደግሞ ስሚ። ሁለቱን አከታትለሽ አሰሚያቸው፤ ሌላ የቤት ሥራ አያስፈልጋቸውም።

ማርሳሊስን ከፊት አትፈልጉት። ኦርኬስትራው 15 ሰው ነው፤ እሱ ልማዱ ከኋላ ረድፍ፣ ከትራምፔቶቹ መሐል መቀመጥ ነው። ያችን ጥቁር ጎማ (አዎ፣ የሽንት ቤት መክፈቻው ጎማ ነው፣ እንጨቱ የለም እንጂ) በትራምፔቱ አፍ ላይ ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ፣ ሰው የሚነጫነጭ ይመስላል። አባባን እዚያ ላይ እያቸው።

እግረ መንገዴን፦ ኤሊንግተን በ1966 (የኛ) አዲስ አበባ ሲመጣ አባባ ነበሩ እንዴ?

አዲሱ ገበያ፦
እኔ አልስማማም። ሶንድሃይም ማለት ቃል ነው። ከበሮው ስዊንግ ሲያደርግ (በጃዝ ምት ሲወዛወዝ) ዘፋኙ ቃሉን ወደኋላ ይጎትተዋል፣ ያኔ የግጥሙ ቤት መምቻ ይጠፋል። እንግሊዝኛ ለማይሰሙ አባት ለውጥ የለውም፤ ላንቺ ግን ሊያናድድሽ ይችላል፣ ተዘጋጂ።

ባለ ሳክስ፦
@አዲሱ ገበያ ባለቤቱ ሶንድሃይም 83 ዓመቱ ነው፣ በሕይወት አለ፣ ፈቅዷል። አንተ ምን ቤት ነህ? 😄

አዲሱ ገበያ፦
ባለቤቱ ስለፈቀደ ጆሮዬ ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ለማንኛውም ትኬት የተረፈው ካለ እገዛለሁ።

ሀርለም 125፦
እህቴ፣ እነዚህ ሰዎች ሙዚቃ እያወሩ ጉልበቱን ረሱት። ሲቲ ሴንተር 55ኛው መንገድ ላይ፣ በ6ኛውና በ7ኛው ጎዳና መሐል ነው። ጉልላቱን አይታችሁ መስጊድ መስሏችሁ እንዳታልፉ! በ1923 አንድ የወንድማማቾች ማኅበር «መካ ቴምፕል» ብሎ ያሠራው አዳራሽ ነበር፤ ከ1943 ጀምሮ ነው ቲያትር ቤት የሆነው። በ2011 ታድሶ አሁን አምሮበታል።

የመጨረሻው ሰገነት ቁልቁለት ነው፤ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ዛሬውኑ ትኬት ቢሮው ደውለሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ወይ ወደታች ልዩነቱን ከፍለሽ፣ ወይ ዳር ወንበር ጠይቂ። ከመንገድ ሻጭ ወይም ከማታውቂው ሰው ግን እንዳትቀይሪ። አንዴ ያደረግሁት ሰው ነኝ፤ በሩ ላይ የያዝኩት ወረቀት ሁለተኛ ቅጂ ሆኖ ተገኘ፣ ሻጩም ስልኩን ዘጋ።

መመለሱን በተመለከተ፣ ማታ የሚነሡ አውቶቡሶች አሉ፤ መንገዱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብቻሽን ብትሆኚ ሂጂ እልሽ ነበር። ከ74 ዓመት አባት ጋር ሌሊቱን በወንበር ማደር ግን ኮንሰርቱን ያስረሳቸዋል። በመኪና ከሆነ ማንሃተን አትግቢ። ኒው ጀርሲ ሴካከስ ባቡር ጣቢያ አቁሚ፤ ከዚያ ማንሃተን ያለው ፔን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው። እዚያው አካባቢ አድራችሁ እሑድ በቀን ተመለሱ። ራት 10ኛው ጎዳና ላይ፣ 45ኛው መንገድ አጠገብ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ክትፎውም አይቀርባቸውም።

ደግሞ ሰዓቱን! እናቴ እዚህ እያለች «ቲያትሩ ሁለት ሰዓት ነው» አልኳት በስልክ። የፈረንጁን ሁለት ማለቴ ነበር፣ የቀኑን። እሷ የምሽቱን ሁለት ይዛ ተረጋግታ ፀጉሯን ስትሠራ፣ እኔ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደወልኩ፤ ትንሽ ጨምሬ ታችኛው ወለል፣ ከመሐል ኋላ ብሎ፣ መተላለፊያው ዳር ሁለት ወንበር አገኘሁ። ሴካከስ እናድራለን።

@ባለ ሳክስ ኤሊንግተን ሲመጣ ነበሩ፣ ግን ያን ዕለት ተረኛ ሆነው ካምፕ ውስጥ ቀሩ። እስካሁን ሲያነሡት ያማቸዋል።

ሁለቱን ቅጂዎች ትናንት ማታ አሰማኋቸው። የመጀመሪያዋን ሰምተው ዝም። ሁለተኛዋ ስታልቅ ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ፣ የተኙ መሰለኝ። በመሐረብ የጠቀለሉትን የትራምፔታቸውን አፍ መያዣ ይዘው ተመለሱ። ትራምፔቱ ከተሸጠ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ይቺን ግን ከአዲስ አበባ ይዘዋት መጥተዋል፤ አላውቅም ነበር። ከንፈራቸውን ገጥመው የዘፈኑን መጀመሪያ እንደ ንብ ዝዝዝ አደረጉት። ከዚያ «የፊተኛዋ እዚህ ላይ ተነፈሰች» አሉኝ፣ «የኋለኛዋ አልተነፈሰችም። ይቺ የነፊ ትንፋሽ አላት።» ሶንድሃይም 83 ዓመቱ እንደሆነም ነገርኳቸው፤ «በዘጠኝ ይበልጠኛል፣ ገና ነው» አሉ።

የቀረችኝ ጥያቄ፦ ታችኛው ወለል ሆነን የኋላ ረድፎቹ ይታዩናል?

ባለ ሳክስ፦
ትራምፔቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ባለ መደዳ ላይ ስለሚቀመጡ ከመሐል ኋላ ያለው ጥሩ ነው። ፊት ቢሆን የሳክሶፎኖቹን ጉልበት ነበር የምታዩት። አባባን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እላለሁ። የኮንሰርቱን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌላቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳየው ከሥሩ በእርሳስ «ከአንድ ሰዓት በፊት እንግባ፣ ሲያሟሹ መስማት እፈልጋለሁ» ብለው ጽፈውበታል።