አንድ ቅርጫት፣ 16 ልጆች፦ ለውርወራ ምን ጨዋታ ይሻላል?

መምህርት_ስፖርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅርጫት ኳስ የማስተምራቸው ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 16 ልጆች አሉኝ። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፣ ቅርጫቱ አንድ ብቻ። እሱም 3.05 ሜትር ላይ ስለተበየደ ዝቅ አይልም። ኳስ አራት፦ ሁለት 7 ቁጥር (የአዋቂ መጠን)፣ ሁለት 5 ቁጥር (የልጆች መጠን)። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በሰልፍ ተራ በተራ ሲወረውሩ ከኋላ ያሉት መገፋፋት ይጀምራሉ። ኖክአውት (የተሸነፈ የሚወጣበት የውርወራ ጨዋታ) ሳጫውታቸው ደግሞ ቀድመው የሚወጡት ሁሌም እነዚያው ደካሞቹ ናቸው። ሁሉም የሚወረውርበት ጨዋታ የምታውቁ?

ሚኒባስኬት_አሰልጣኝ፦
መምህርት፣ ከጨዋታው በፊት ኳሱንና ርቀቱን ያስተካክሉ። 7 ቁጥሮቹን ለድሪብል (ኳስ እያነጠሩ ለመሄድ) ይተዉአቸው። 600 ግራም አካባቢ የሚመዝን ኳስ የ8 ዓመት ልጅ ከወገቡ አንስቶ በሁለት እጅ ከመወንጨፍ ሌላ አማራጭ የለውም። 5 ቁጥር ወደ 100 ግራም ይቀላል። በሚኒ ባስኬትቦል (በልጆች ቅርጫት ኳስ) ቅርጫቱ 2.60 ሜትር ላይ ነው የሚሰቀለው፤ የእርስዎ 45 ሳ.ሜ. ይበልጣል። ያንን የሚያካክሱት በርቀት ነው፦ ከቅርጫቱ 1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ፣ ቦርዱን (ከቀለበቱ ጀርባ ያለውን ሰሌዳ) አስመትተው።

ሁለተኛ ነገር፣ ግማሾቹን ወደ ግድግዳ ይላኩ። 16 ልጅ በአንድ ሰልፍ ከቆመና ወርውሮ ኳስ ማምጣቱ 6 ሰከንድ ከፈጀ፣ አንድ ልጅ ተራው እስኪመለስ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆሞ ይጠብቃል። መገፋፋቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሳጥን ይሳሉ፦ ወርዱ 59፣ ቁመቱ 45 ሳ.ሜ.፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለው ሳጥን ልክ። የታችኛው መስመር ከመሬት 2.40 ሜትር ይሁን። እዚህ የመረብ ኳስም ይሠራል። ሁለት ሁለት ሆነው ከ2 ሜትር ይወርውሩ፦ ቀጥ ብሎ ሳጥኑን ለመታ 1 ነጥብ፣ ከፍ ብሎ ሲወርድ ለመታ 2። ቀጥ ያለው ኳስ በኃይል ነጥሮ ከወርዋሪው ያልፋል፣ ከላይ የመጣው ግን ግድግዳው ስር ይወድቃል። ዳኛ ሳያስፈልግ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩታል።

ሪባውንድ፦
የግድግዳውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ቅርጫቱ ጋ ለሚቀሩት 8ቱ «ጅቡ» ይሞከር። እርስ በርስ አይወዳደሩም፣ ሁሉም በአንድነት ከማይታየው ጅብ ጋር ነው የሚጫወቱት። በግራና በቀኝ አራት አራት ሆነው ይሰለፉ፣ ለየሰልፉ አንድ 5 ቁጥር ኳስ። ከገባ ለልጆቹ 2፣ ከተሳተ ለጅቡ 1። ቀድሞ 20 የደረሰ አሸነፈ። ወርዋሪው ኳሱን ራሱ ይዞ ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ነጥቡን ሁሉም ጮክ ብለው ይቁጠሩ።

ነጥቡን እንደ ልጆቹ አቅም አስተካክዪው፣ እህቴ። ከሦስት ውርወራ አንድ የሚያስገቡ ከሆነ 2 ለ1 እኩል ያስኬዳል። ከአራት አንድ ከሆነ 3 ለ1 አድርጊው። ጅቡ በተደጋጋሚ ካሸነፈ ጨዋታው ይሞታል፣ ጭራሽ ካላሸነፈም እንደዚያው። ደግሞም ደካማው ልጅ ሲስት ጓደኞቹ እንዳይጮሁበት፣ ቀለበቱን የነካ ኳስ ለጅቡ ነጥብ እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል።

ግራ_እጅ፦
ኖክአውትን ግን አትጣሉት፣ ልጆች በጣም ይወዱታል። ችግሩ «ወጣህ» የሚለው ሕግ ነው። እንዲህ ይስተካከል፦ ሁለት ኳስ፣ አንድ ሰልፍ። የመጀመሪያው ይወረውራል፣ ሁለተኛው ወዲያው ይከተላል። ሁለተኛው ቀድሞ ካስገባ፣ የመጀመሪያው ግድግዳው ጋ ሄዶ ሳጥኑን 3 ጊዜ መትቶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ልጅ ብዙ ይወረውራል ማለት ነው። መወርወሪያው መስመር 3 ሜትር ላይ ይሁን፤ 4.60 ሜትሩ የቅጣት ውርወራ መስመር የአዋቂ ነው። የሌላውን ኳስ ሆን ብሎ መምታት ከመጀመሪያው ይከልከል፣ አለዚያ ውርወራው ቀርቶ መባረር ይሆናል። ሰልፉም ወደ ጎን ይቁም፤ ቀለበት መትቶ የተመለሰ ኳስ የሚያሳድድ ልጅ ሲሚንቶ ላይ ከሰልፉ ጋር ሲጋጭ ጉልበት ይላጣል።

«አንበሳ»ም አለ፦ አንዱ ቦታ መርጦ ያስገባል፣ ሌሎቹ ከዚያው ይደግማሉ፣ የሳተ አንድ ፊደል ይይዛል፤ አ፣ ን፣ በ፣ ሳ የሞላበት ተሸናፊ ነው። ከ4 ልጅ በላይ ግን አይሆንም፣ ጥበቃው ይረዝማል። በቅርጫቱ ዙሪያ፣ ካስገቡ ብቻ ወደሚቀጥለው ቦታ እያለፉ የሚወረወረውን ለዚህ ዕድሜ አልመክርም፤ አንዱ ልጅ ሁለተኛው ቦታ ላይ ተቸክሎ ይቀራል።

መምህርት_ስፖርት፦
አመሰግናለሁ። «ጅቡ» ላይ የሚያሳስበኝ ችኮላው ነው። ለማሸነፍ ሲሉ አወራወሩ አይበላሽም?

ሪባውንድ፦
ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ሕግ ብቻ ጨምሪ፦ ኳሱ ቀለበቱን ወይም ቦርዱን እስኪነካ የወረወረው እጅ ከጭንቅላት በላይ ተዘርግቶ ይቆይ። እጁን ቶሎ ላወረደ ቢገባለትም 2 ሳይሆን 1 ነው። ጨዋታ ላይ ክርንም፣ እግርም፣ ጣትም ካልሽው ሁሉንም ይረሳል።

ሚኒባስኬት_አሰልጣኝ፦
እጁን አቆይቶም ኳሱ ቀለበት ካልደረሰ፣ ክንዱን ሳይሆን ጉልበቱን ይመልከቱ። ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚወረውር ልጅ ኃይል የሚያገኘው ከትከሻው ብቻ ነው። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ሲነሳ እንዲለቅ ይንገሩት። አሁንም ካልደረሰ ግማሽ ሜትር ያስጠጉት።