ክርክር፦ በሱዳን ጦርነት ከማን ጎን እንቁም?

የሳቢያን ነዋሪ፦ ትናንት ከዚራ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ «ግብፅ ከሱዳን ጦር አዛዥ ከቡርሃን ጎን ከቆመች እኛ ከተቀናቃኙ ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል መሪ ከሄሜቲ ጎን መቆም አለብን» አለ። አልተዋጠልኝም። እናንተስ?

የጀጎል ልጅ፦ ወዳጅህ ልክ ነው። የግብፅ ጦር ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዞ ኖሯል፤ አሚር ሙሐመድንም ገድሏል። የቡርሃን ጦር ደግሞ በ2013 እኛ በሰሜኑ ጦርነት ስንያዝ ጠብቆ በድንበር የምንወዛገብበት ፋሽጋ ገባ። ለእነዚህ ምን ያሳዝነናል?

ከለገሀሬ፦ የሚያሳዝነን ሕዝቡ ነው! የዳርፉሯ ከተማ ኤል ፋሸር በሄሜቲ ኃይል ከ500 ቀን በላይ ተከብባ ሰው የከብት መኖ በላ። ጥቅምት 2018 ፈጥኖ ደራሹ ሲገባ በወሊድ ሆስፒታሉ ውስጥ ሕሙማንና አስታማሚዎች ተገደሉ። ከዚህ ጎን ነው ቁሙ የምትለን?

የሳቢያን ነዋሪ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ወርቁ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለሄሜቲ መሣሪያ አልላክሁም ትላለች፤ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ግን በ2016 በቻድ በኩል ይገባል የሚለውን ክስ ተዓማኒ ብለውታል። ሱዳን ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ብትከሳትም ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ ስለ ክሱ እውነትነት አልፈረደም። ይህ ሁሉ ሲሆን የቡርሃን ጦር ከሚቆጣጠረው ምድር የሚወጣው ወርቅ ሳይቀር በአብዛኛው ሲሄድ የኖረው ወደዚያችው አገር ነው። ታዲያ የማን ወዳጅ ሆነን ነው የምንሰለፈው?

የመጋላ አዛውንት፦ ነሐሴ 1969 የዚያድ ባሬ ታንኮች ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርሱ እዚሁ ነበርሁ። የሶቪየት ታንኮች ነበሩ። ወራት ሳይቆይ ለእኛ የመጡትም የሶቪየት ናቸው። አስታጣቂው ወዳጁን ቀየረ፤ እኛ ግን ቀባሪ ሆነን ቀረን።

የጀጎል ልጅ፦ ጋሼ፣ ያ የሁለት መንግሥታት ጦርነት ነበር፤ ይህ የእርስ በርስ ነው።

የመጋላ አዛውንት፦ የባሰውም ለዚህ ነው፣ ልጄ። መንግሥት ከመንግሥት ሲዋጋ ወደ ድንበሩ ይመለሳል። እነዚህ ወዴት ይመለሳሉ?

የጀጎል ልጅ፦ ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንይ?

የሳቢያን ነዋሪ፦ አላልሁም። በመተማና በኩርሙክ የሚሻገረውን ስደተኛ እናስጠልል፤ በእኛ ምድር ግን ለየትኛውም ወገን አንዲት ጥይት አትለፍ።

የጀጎል ልጅ፦ ጥይቱ አይለፍ፣ እስማማለሁ። የፋሽጋን ነገር ግን ነገም አነሣዋለሁ።